እጄን ያዩ የነበሩ ተማሪዎች

በዚያ ቀን በኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ነጭ ጨርቅ ከለበሰው ጠረጴዛ ኋላ የኮሌጁ ዲንና ከዞን የመጡ እንግዶች ነበሩ፤ የእነሱን ስም ያኔም አላወቅሁም። ከእነሱ ጎን ቡናማ ኮቱን ቆልፎ፣ ጉልበቱን በመዳፉ የሚያሻሸው መምህር ደሳለኝ ነበር፤ የጓሮ ክፍሌ ተከራይ፣ የተማሪዎቹ የንግግር አስተማሪ። ከጢቾ ድረስ የመጡት አቶ ሁሴን፣ የከድጃ አባት፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያዞሩ ከወላጆች መካከል ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ በቀኜ፣ ልጄ ብሩክ በግራዬ ነበሩ። ከኋላችን ተማሪዎቹ ሲንሾካሾኩ የታደለ ሳቅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። መድረኩ ላይ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ከድጃ ብቻዋን ቆማለች። እኔም ነበርሁ። አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ እጆቼን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ከፊት ተቀምጬ ነበር። የእጆቼን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከእነዚያ ሰዎች ዛሬ አሰላ ውስጥ የማውቀው ሰው የለኝም። አቶ ሁሴን አርፈዋል። እትዬ ዘነቡን ልጇ አዳማ ወስዳታለች፤ ብርዱ ለጉልበቷ አልሆነም። ብሩክ ሐዋሳ ሥራ ይዞ እዚያው አግብቷል፤ እሑድ እሑድ ይደውላል፣ «እማዬ በልተሻል?» ይለኛል፣ «በልቻለሁ» እለዋለሁ፣ ከዚያ ስልኩን እንዘጋለን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ በብቅል ፋብሪካው በኩል ሲመጣ የብቅሉ ሽታ እስከ ግቢዬ ይገባል። ሞቅ ያለ፣ እንደ ረጠበ ዳቦ ያለ ሽታ ነው። የሌላ አገር ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኔ ግን ያ ሽታ ሲመጣ በርጩማዬን አውጥቼ ደጃፌ ላይ እቀመጣለሁ። ቅዳሜ ከሆነማ የግቢውን በር እከፍተዋለሁ። ማንም እንደማይመጣ አውቃለሁ። እጄ ግን ለምዶበታል፣ ይከፍተዋል።

ያኔ ባጃጅ እንደ ዛሬ መንገዱን አልሞላውም። ከገበያ ወደ ላይ ለመውጣት ጋሪ ነበር የምንይዘው፤ በሳንቲም ተሳፍረህ፣ ባለጋሪውም ፈረሱን እየተቆጣ፣ አንተንም ስለ ቤትህ እየጠየቀ ያደርስህ ነበር። ከመናኸሪያው ማዶ፣ ጥጉ ላይ፣ ካሴት የሚሸጥ ልጅ ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ጠዋት አንድ ዘፈን ከጀመረ እስከ ማታ ያንኑ እየመለሰ ያሰማናል፣ እኛም ሳንገዛው በቃላችን ይዘነው እንገባለን። ወንዶቹ ተማሪዎች መንገድ የሚጠርግ ሰፊ ሱሪ፣ ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የጂንስ ጉርድ ይለብሱ ነበር። ከኮንጎ ጫማ ወደ ቆዳ ጫማ የተሻገረ ተማሪ ደግሞ ጭቃ ባየ ቁጥር ቆሞ ያስብ ነበር፤ የአሰላ ጭቃ ደግሞ ለማሰቢያ ጊዜ አይሰጥም። መምህር ደሳለኝ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ከጎጃም ተመድቦ፣ አንድ ሻንጣና በሲባጎ የታሰሩ መጻሕፍት ይዞ፣ ትከሻውን ጆሮው ድረስ ሰቅሎ በሬን አንኳኳ።

«እትዬ፣ ይሄ ብርድ ሁልጊዜ ነው እንዴ?»

«ኧረ ዛሬስ ፀሐይ ነው» አልሁት። እውነቴን ነበር።

ቀጭን ነው፤ ከፊት ጥርሱ መሃል ፍንጭት አለው፤ ኮቱ ክርኑ ላይ ቆዳ ተለጥፎበታል። ቤቱን ካየ በኋላ ምን እንደሚያስተምር ጠየቅሁት። ተከራይ ሳስገባ ሁሉን እጠይቃለሁ፤ ባሌ ከሞተ በኋላ ልጄንና ቤቴን የጠበቅሁት በመጠየቅ ነው።

«ንግግር ነው የማስተምረው» አለኝ።

«መናገር ደግሞ ትምህርት አለው?»

«ማውራት የለውም እትዬ ብርቄ። ሰው ፊት ቆሞ መናገር ግን አለው።»

እኔ አራተኛ ክፍል ነው ያቆምሁት። ሰው ፊት ቆሞ መናገር የሚሉት ነገር እኔ ባደግሁበት ዘመን ለጆሮ የሚጥም አልነበረም። ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የተናገረ ሰው ቤቱ እስኪገባ እናቱ ደጅ ቆማ ትጠብቅ ነበር፤ አንዳንዷም ብዙ ጠበቀች። ስለዚህ ብሩክን ያሳደግሁት «ከኋላ ተቀመጥ፣ ቀድመህ እጅህን አታውጣ» እያልሁ ነው። እግዜር ደግሞ ንግግር የሚያስተምር ሰው አምጥቶ ጓሮዬ አስቀመጠልኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት የኮሌጁ ክፍሎች ይቆለፋሉ። መምህር ደሳለኝ ግን ተማሪዎቹ ሳይለማመዱ ሰኞ መድረስ የለበትም ባይ ነበር። በግቢዬ ይለማመዱ ዘንድ ለመነኝ። እሺ አልሁት፣ ነገር ግን የግቢው በር ወለል ብሎ እንዲከፈት፣ መንገደኛ ሁሉ አይቶ የተማሪ ነገር መሆኑን እንዲያውቅ ነገርሁት። እኔም ደጃፌ ላይ እቀመጣለሁ አልሁ። የሚባለውን ሁሉ መስማት ፈልጌ ነው፤ አንድ ሰው መጥቶ «ምን ሲባል ነበር?» ቢለኝ መልስ እንዳላጣ። ዝም ብሎ መቀመጥ ደግሞ ሰላይ ያስመስላልና ሰፌዴን ጭኔ ላይ አድርጌ ስንዴ መልቀም ያዝሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ታደለ ተነሣ። ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ፀጉሩን ወደ ላይ የሚያበጥር ልጅ ነው። ስለ ዓለም ሰላም በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ። እኔ ጠጠሩን ከስንዴው እየለየሁ ነበር። ቀጥሎ አንዱ የኢተያ ልጅ ተነሣና እንግሊዝኛው አልመጣ ሲለው መምህር ደሳለኝ «መጀመሪያ በእናትህ ቋንቋ ንገረን፣ እንግሊዝኛው ይደርሳል» አለው። ልጁ በኦሮምኛ ጀመረ። በልጅነቱ ስለጠፋባቸው በሬ፣ አባቱ አዝመራ ትቶ በየመንደሩ ሲጠይቅ ስለመዋሉ፣ በሬው ራሱ ተመልሶ በር ላይ ቆሞ ስለመገኘቱ ነበር የሚያወራው። እኔ አሰላ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆነ ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው ነው የምሰማው። ልጁ ሲጨርስ ቀና ስል መምህር ደሳለኝ ልጁን ሳይሆን እኔን ነው የሚያየው። ያኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ በላይ አያውቅም፤ አንድም አልገባውም። ግን እጄን አይቷል። እጄ ሰፌዱ ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር፣ እኔ ራሴ አላወቅሁም።

«በቃ!» ብሎ ተነሣ። «ከዛሬ ጀምሮ ፈተናው ይሄ ነው። የእትዬ ብርቄን እጅ ያስቆመ ተናገረ ይባላል። ያላስቆመ አወራ ይባላል።»

«ኧረ በማርያም፣ እኔን የልጆች ማርክ ውስጥ አታስገባኝ» ብል ማን ይሰማኛል። እንደዚህ ተጀመረ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልጆቹ እየተነሡ፣ ዓይናቸውን ጣቶቼ ላይ ተክለው ይናገራሉ። ሳልፈልግ ለማቆም አልችልም፤ ሳስበው ደግሞ ጭራሽ ይፈጥናል። ታደለማ አበደ።

«አዮ፣ እባክዎ አንዴ ያቁሙልኝ፣ ማርክ ነው!» እናት ማለቱ ነው፤ ሁሉም አዮ ነበር የሚሉኝ።

«አንተ ቁም ነገር ተናገር፣ እኔ አቆማለሁ።»

«ቁም ነገር ከየት ላምጣ? አሰላ ገበያ ላይ አጣሁት እኮ!»

አንድ ቅዳሜ በከረጢት ስንዴ ይዞልኝ መጣ። «ለእርስዎ ነው አዮ» ብሎ ራሱ ሰፌዴ ላይ ገለበጠው። ለካ እህቶቹን ሲያስለቅም አድሮ ነው፤ አንድ ጠጠር፣ አንድ እንክርዳድ የለበትም። እኔ የምለቅመው አጥቼ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥሁ፣ እሱም ደረቱን ነፍቶ «ቆመ! መምህር፣ ቆመ!» አለ። መምህር ደሳለኝ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከሳቁ ሲመለስ ግን ከግቢው ጥግ አንድ እፍኝ ጠጠር ዘግኖ ሰፌዴ ላይ በተነውና «እንደገና፣ ከመጀመሪያው» አለው። ታደለ ያን ቀን ተናዶ፣ ስለ እህቶቹ፣ እነሱ ሲለቅሙ እሱ ተኝቶ ስለማደሩ መናገር ጀመረ። እጄ ቆመ። እሱም ቆመ። ዓይኑ ረጥቦ ነበር።

የመምህር ደሳለኝ ደስታ ያኔ መታየት ነበረበት። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይረሳል። «አዩት እትዬ? አዩልኝ? ሰኞ ዕለት እግሩ ይንቀጠቀጥ የነበረ ልጅ እኮ ነው!» ይለኛል። ደመወዙ ትንሽ፣ ቤቱ ቀዝቃዛ፣ አገሩ ሩቅ ነው፤ ነገር ግን አንድ ልጅ አፉን ከፈተ ማለት ለእሱ ሠርግ ነው። አዝመራው የሰመረለት ገበሬ ብቻ ነው እንደዚያ ሲሆን ያየሁት። እኔም ሳላውቀው ቅዳሜን መጠበቅ ጀመርሁ። ሰው ሲናገር የሚያስፈራው ነገር ሁሉ ከግቢዬ እየወጣ፣ በተከፈተው በር እየሄደ ነበር።

ከድጃ ግን አትናገርም። ከጢቾ የመጣች ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች፣ ቧንቧው አጠገብ ትቀመጣለች፣ ተራዋ ሲደርስ ሻሿን ጎትታ አንገቷን ትደፋለች። መምህር ደሳለኝ አያስገድዳትም። አንድ ቀን አሳዘነችኝና ጠርቼ ሌላ ሰፌድ ሰጠኋት፤ አብረን ስንለቅም፣ ሌሎቹ ወዲያ ሲጫወቱ፣ ቀስ ብላ በኦሮምኛ ለኔ ብቻ መናገር ጀመረች። አባቷ ሽማግሌ ናቸው አለችኝ። ሰው ሲጣላ ይጠራሉ፣ ሲናገሩ ወንዱ ሁሉ ዝም ብሎ ይሰማቸዋል። ቤት ሲገቡ ግን መቁጠሪያቸውን እያዞሩ ይቀመጣሉ እንጂ ከእሷ ጋር አይናገሩም። «ክፉ ሆነው አይደለም አዮ» አለችኝ፣ «የምናገረው ያለኝ አይመስላቸውም። አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ ቢሰሙኝ።» ቀና ስል መምህር ደሳለኝ ከግቢው ማዶ ብድግ ብሏል። ምን እንዳለች አልሰማም። እጄን ነው ያየው።

ለወላጆች ቀን ንግግር የሚያደርግ ተማሪ ሲመረጥ ከድጃን መረጣት። «ሂን ሶዳቲን» አልኋት፣ አትፍሪ ማለት ነው። እኔ ለሰው አትፍሪ ስል ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። በየቀኑ እየመጣች ተለማመደች። እኔ እለቅማለሁ፣ እሷ እጄን እያየች ትናገራለች፤ አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ እጄ ይቆማል፣ ያኔ ድምጿ ይከፈታል፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሳት የለም። አባቷ ተጠሩ። መጡ።

እንግዲህ ወደ አዳራሹ ተመለስን። ከድጃ ወረቀት አልያዘችም። ሕዝቡን አየች፣ ከዚያ እኔን ፈለገችኝ፣ አገኘችኝ፣ እጄን አየች። እጄ ቆሞ ነበር። ሳትጀምር ቆሞ ነበር። ጠበቀች። እኔ የሚጠበቀው ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እንዳላውካት ብዬ ጭራሽ ትንፋሼንም ያዝሁ። እሷ እያየችኝ፣ እኔ ይበልጥ እየደረቅሁ፣ አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። ወደ አባቷ ለማየት ፈርታ ዓይኗን ከእኔ አላነሣችም። አንድ ቃል እንኳ አልወጣትም። ዲኑ ወደ ማይክራፎኑ ጠጋ ብለው «እሺ፣ እናመሰግናለን፣ ወደሚቀጥለው መርሐ ግብር» አሉ። መምህር ደሳለኝ ተነሥቶ አጨበጨበ። ብቻውን። ወርዳ እስክትደርስ አጨብጭቦ ወንበሩን ለቀቀላት።

ውጪ ስንወጣ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ነበር። ታደለ ሊያስቀን ብሎ፣ «አዮ፣ ሰፌዱን ጥለው መጥተው ነው እኮ!» አለ። ማንም አልሳቀም። መምህር ደሳለኝ ግን ዞሮ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ያን ጊዜ ነው የገባን፤ ሰፌድ ያልያዘ፣ ያልተንቀሳቀሰ እጅ ከየት ይቆማል? አስተማሪውም፣ ተማሪዎቹም፣ እኔም፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ ስንሠራ ከርመን ይህን አንዳችንም አላሰብነውም። ለአዳራሽ ሰፌድ ተይዞ ይኬዳል ብሎስ ማን ያስባል?

አቶ ሁሴን ልጃቸውን በኦሮምኛ «ደህና ነሽ?» አሏት፤ «ደህና ነኝ» አለች። ሌላ ቃል ሳይናገሩ ወደ መናኸሪያው ወረዱ።

በዓመቱ መጨረሻ መምህር ደሳለኝ ዝውውር ጠየቀ። ሰዎች ስቀውበታል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እሱ ግን ስለ ሰው አላወራም። «እትዬ፣ እኔ ሰው ፊት መናገር አላስተማርሁም» አለኝ። «ስንዴ ለምትለቅም አንዲት እናት መናገር ነው ያስተማርሁት። የእኔ ትምህርት ከዚህ ግቢ አይወጣም።» መናገር እኮ እሱ ነው የሚችለው፣ እኔ አይደለሁም። የገብስ ጩኮ በቅቤ አሽቼ በጣሳ ሞልቼ ሰጠሁት፤ ጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ባለበት ጠዋት፣ ያንኑ ሻንጣ፣ ያንኑ በሲባጎ የታሰረ መጽሐፍ ይዞ አውቶቡስ ላይ ወጣ። አንድ ጊዜ በእትዬ ዘነቡ ስልክ ደውሎ ነበር። እኔ ገበያ ነበርሁ። «ደህና ነኝ በሉልኝ» አለ ብላ ነገረችኝ። ቀጥሎ የእሷም ቤት ተሸጠ፣ ስልኩም ተነቀለ።

ይህን ሁሉ ያስነሣብኝ ያለፈው ወር የሆነ ነገር ነው። ሠፈራችን ሠርግ ነበረና ሴቶቹ ተሰብስበን ምስር እንለቅማለን። አንዲት ወጣት የጤና ባለሙያ መጣች፤ ሀዊ ትባላለች። ስለ ሕፃናት ክትባት ልትነግረን ነው። እኛ እንደምታውቁት ሴት ተሰብስባ ስትለቅም መንግሥት ቢመጣም ወሬዋን አታቆምም። ልጅቷ ግን «ጸጥ በሉ» አላለችም፣ አላጨበጨበችም። ቆማ ዞር ዞር ብላ አየችን፣ ከዚያ ዓይኗን እኔ እጅ ላይ አሳረፈችና ቀስ ብላ ጀመረች። ስለ አንዲት እናት ነበር። መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ እጄ ቆመ። ያኔ ድምጿን ከፍ አድርጋ ወደ ሁሉም ዞረች።

ስትጨርስ ቀሚሷን ያዝሁ። «ልጄ፣ እጅ ማየት ማን አስተማረሽ?»

ሳቀች። «ያውቁታል እንዴ እማማ? የኢተያ አስተማሪያችን ናት። ቲቸር ከድጃ።»

ምስሩ ከሰፌዱ ፈሰሰ። እዚያው ደወለችልኝ።

«አዮ?» አለ ስልኩ። «አዮ ብርቄ? አሉ?»

«አለሁ የኔ ልጅ። የት ሄጄ!»

አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ፣ ሴቶቹም ሳይገባቸው አብረው አለቀሱ። ከዚያ ነገረችኝ። በየዓመቱ ለተማሪዎቿ በመጀመሪያው ቀን የምትነግራቸው ያን አዳራሽ ነው። ቆማ አንድ ቃል እንዳልወጣት፣ አስተማሪዋ ብቻውን እንዳጨበጨበላት። «የሚንቀሳቀስ እጅ ካጣችሁ ሌላ እጅ ፈልጉ፣ አንድ እጅ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ» ትላቸዋለች። ከኮሌጅ በወጣች በዓመቷ ጢቾ ላይ የዘመድ ሽምግልና ተቀምጦ ነበር፤ የአክስቷ ልጅ ጉዳይ ነው፣ ሴት የሚጠይቅ አልነበረም። ተነሣች። የእኔን እጅ ፈለገች፣ እኔ የለሁም። ያኔ የአባቷን መቁጠሪያ አየች፤ ዕድሜ ልኳን ሲዞር ያየችውን። እሱን እያየች ተናገረች።

«አዮ፣ ቆመ» አለችኝ። «መቁጠሪያው ቆመ። አባባ እስኪሞቱ ድረስ ከዚያ ቀን ወዲያ ሰው ሲመጣባቸው ‹ከድጃንም ጥሯት› ይሉ ነበር።»

ቀጥላ «እሱስ? መምህርስ የት ነው? ነግረውታል አይደል?» አለችኝ።

«እኔ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር እኮ።»

እሷም እኔ የማውቅ መስሏት ይህን ሁሉ ዓመት ኖራለች። አንዳችንም አልነገርነውም። ከዚህ ግቢ አይወጣም ብሎ የሄደው ትምህርት ጢቾ ደርሷል፣ ኢተያ ደርሷል፣ በሀዊ አፍ ደግሞ ዞሮ እኔው ሠፈር መጥቷል፤ እሱ ግን አያውቅም። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ የብቅሉ ሽታ ሲመጣ፣ ሰፌዴን ይዤ ደጃፌ ላይ እቀመጣለሁ። የምለቅመው ለአንድ ሰው የሚበቃ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። በሩ ክፍት ነው፤ መንገደኛው አይቶኝ ያልፋል።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ መምህር ደሳለኝን የምታውቁ እንደሆነ እለምናችኋለሁ። አገሩ ጎጃም ነው፤ ቀጭን ነው፣ ከፊት ጥርሱ መሃል ፍንጭት አለው፣ ብርድ አይችልም፣ ልጅ አፉን ሲከፍት ምሳውን ይረሳል። ፀጉሩ ይሄኔ ሸብቶ ይሆናል። ካገኛችሁት፣ ከድጃ ትናገራለች በሉት፣ አባቷም ሰምተዋታል በሉት። ከዚያ እሱ የት እንዳለና ደህና መሆኑን ለእኔ ንገሩኝ። አሰላ፣ ያው ግቢ ነው ያለሁት።